"ሲያድጉ ይለቃቸዋል" የተባለው አለርጂ ለምን ተመልሶ መጣ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ "ከደብረ ብርሃን ነው የምፅፈው። ልጄ 17 ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ጨቅላ እያለች ጉንጯና የክንዷ መታጠፊያ እያሳከካት ይቆስል ነበር። 5 ዓመቷ ላይ አስም ነው ተባልን፣ 11 ዓመት ሲሞላት ጭራሽ ጠፋና መድኃኒቱንም ተውነው፣ ሲያድጉ ይለቃቸዋል ብለውን ነበር። ካምና ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት በተከታታይ ታነጥሳለች፣ ሳይነስ ነው ብለን ዝም አልን፣ አሁን ደሞ ሌሊት ሳል ይቀሰቅሳታል፣ ዳገት ስትወጣ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። እንቁላልና ወተት ከልክለናታል። የ12 ዓመት ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ዓይኑ ቀልቶ ያሳክከዋል፣ ከፋርማሲ ጠብታ እየገዛን እናደርግለታለን። ለምን ተመለሰባት? ዕድሜ ልኳን ነው? ምን እናድርግ?"

እትዬ፣ እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ ተወልጄ ያደግኩት መንዝ ነው፣ ብዙውን ዓመት የሰራሁትም እዛው ሰሜን ሸዋ ነው፣ ስለዚ ያሉትን ብርድም ዳገትም አውቀዋለሁ። ጥያቄዎን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ የራሴ ታናሽ እህት ናት። እሷም ልክ እንደ ልጅዎ በልጅነቷ ሲር ሲር ይላት ነበር፣ አደገችና ተሻላት፣ ደስ ብሎን ተውነው፣ ከዛ ዩኒቨርሲቲ 2ኛ ዓመት ላይ አንድ ሌሊት የዶርም ልጆች ተሸክመው ድንገተኛ ክፍል አደረሷት። ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ፓፍ፣ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት ማለት ነው፣ እንኳን አልነበረም፣ ምክንያቱም ሁላችንም ለቋታል ብለን ነበር፣ ያኔ የህክምና ተማሪ የነበርኩት እኔ ጭምር። ስለዚ ትንሽ ባስረዝመው ይታገሱኝ።

"ይለቃቸዋል" ያሏችሁ ሰዎች አልዋሹም፣ ግን የነገሯችሁ ግማሹን ነው። ብዙ ልጅ እውነትም ከ10 ዓመቱ በኋላ ማፏጨቱ፣ ያ ደረት ሲር ሲር ማለቱ፣ ይጠፋለታል። የሚጠፋው ግን ብዙ ጊዜ ምልክቱ ነው እንጂ የሰውነቱ ባህሪ አይደለም። አለርጂ ማለት ሰውነት ምንም የማያደርገውን ነገር፣ አቧራ በሉት የሳር ብናኝ፣ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሳበት ነው። አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ይሰራና ቆዳ፣ አፍንጫ፣ ዓይንና ሳንባ ውስጥ ባሉ ህዋሶች ላይ ይለጠፋል፣ ያ ብናኝ ተመልሶ ሲመጣ ህዋሶቹ ሂስታሚንና ሌላ ሌላ ነገር ይረጫሉ፣ ከዛ ማሳከክ፣ ማበጥ፣ ንፍጥ፣ የአየር ቧንቧ መጥበብ ይመጣል። ይሄ ትዝታ በቀላሉ አይረሳም። አስም ጠፍቶላቸዋል የተባሉ ወጣቶች ቧንቧቸው በመሳሪያ ሲታይ ብዙዎቹ ላይ አሁንም ቁጡ ሆኖ ይገኛል፣ የሚቆሰቁሰው ነገር ሲያገኝ ደግሞ ይነሳል።

ለዚም ነው የልጅዎን ታሪክ እንደ ሶስት አራት በሽታ ሳይሆን እንደ አንድ መንገድ ነው የማየው። ጨቅላ ሆና የነበረባት ችፌ ነው፣ ቀጥሎ አስም፣ አሁን ደሞ አፍንጫዋ። ሁሉም ልጅ ይሄን መንገድ አይከተልም፣ ችፌ ብቻ ይዞት አብሮት የሚያልቅ አለ፣ ያለ ችፌ በ30 ዓመቱ አስም የሚጀምረው አለ፣ ግን በጨቅላነቱ ችፌ የነበረበት ልጅ በኋላ አስምና የአፍንጫ አለርጂ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል።

ኒውዚላንድ ውስጥ ደነዲን በምትባል ከተማ በ1972 እና 73 እ.ኤ.አ የተወለዱ ልጆችን እያሳደጉ እስከ 26 ዓመታቸው ትንፋሻቸውን እየለኩ ተከታትለዋቸዋል፣ ውጤቱ በ2003 ወጣ። ከ4ቱ ከ1 በላይ የሚሆኑት ወይ የልጅነቱ ማፏጨት ጭራሽ አልለቀቃቸውም ወይ ለቋቸው ተመልሶባቸዋል። በነዚህ ላይ ምን በዛ ቢሉ፣ የቤት አቧራ ተባይ አለርጂ፣ ቁጡ የአየር ቧንቧ፣ ገና በልጅነት መጀመሩ፣ ሴት መሆንና ሲጋራ ማጨስ ናቸው። ልጅዎ ገና በ5 ዓመቷ ጀምሯታል፣ ሴት ናት፣ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ ነው የምታነጥሰው። ስለዚ መመለሱ የናንተ ጥፋት አይደለም፣ የበላችው ነገርም ብርድም ያመጣው አይደለም።

ሴት መሆን ስል እዚ ላይ ትንሽ ልቁም። ከጉርምስና በፊት አስም በወንዶች ይበዛል፣ ከጉርምስና በኋላ ይገለበጥና በሴቶች ይበዛል፣ አዋቂዎች ላይም እንዲሁ ነው። የሆርሞን እጅ እንዳለበት ይታሰባል፣ የወንዶቹ ቧንቧ በዛ ዕድሜ እየሰፋ መሄዱም አለ። አንዳንድ ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሊመጣ ሁለት ሶስት ቀን ሲቀረው ይብስባቸዋል። ልጅዎን ይሄን ለብቻዋ ይጠይቋት፣ ወይ ራሷ ደብተሯ ላይ ሳሏ የባሰበትን ቀን ትፃፍ፣ ብዙ ልጆች አፍረው አይነግሩንም፣ እኛ ሐኪሞችም ሳንጠይቅ እናልፈዋለን፣ ያ ደሞ ልክ አይደለም።

አሁን ስለ ቤቱ። ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ 8 እና 10 ጊዜ ማስነጠስ፣ ሌሊት ማሳል፣ ይሄ ወደ አልጋው ነው የሚጠቁመኝ። በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች አሉ፣ ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን ቅርፊት እየበሉ ፍራሽና ትራስና ብርድ ልብስ ውስጥ ይኖራሉ፣ የሚያስነጥሰው በተለይ ኩሳቸው ነው። እርጥበትና ሙቀት ይወዳሉ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ደጋ ነው ደረቅ ነው ተባይ አይኖርም የሚል ሰው አጋጥሞኛል፣ ግን ቆላም ደጋም ቢሆን አልጋችን ውስጥ የኛው ትንፋሽና ላብ አለ። እኛ ደሞ ብርዱን ፈርተን መስኮት ሳንከፍት ነው የምናድረው፣ ከታች አጎዛ፣ ከላይ ዝተት፣ በሱ ላይ ብርድ ልብስ፣ ጎን ላይ ከሰል። ዝተቱ የታጠበው መቼ እንደሆነ እናቴን ብጠይቃት ኖሮ አታስታውስም ነበር።

ስለዚ ገንዘብ ሳይወጣ የሚሆነውን ልንገርዎት። አንሶላና የትራስ ልብስ በሳምንት አንዴ እጅ በሚያቃጥል ውሃ ይታጠብ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው፣ በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበ ላይ ተባዩ አይሞትም። ፍራሹና ብርድ ልብሱ ፀሐይ ባለበት ቀን ወጥቶ ይደብደብ፣ ግን ልጅቷ ራሷ አትደብድበው፣ ሌላ ሰው ይደብድበው እሷ ራቅ ትበል። አጎዛውን ከሷ አልጋ ያንሱላት። የገለባ ፍራሽ ከሆነ ይቀየር። ጠዋት ብርዱ በረድ ሲል መስኮቱ ይከፈት። ከሰል የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ማደር ለሷ ብቻ አይደለም ለማንም አይሆንም፣ ሰው የሚገድል ጭስ ነው። ከማድ ቤት የኩበት ጭስም በተቻለ መጠን ትራቅ፣ እንጀራ ስትጋግር ቢቻል ደጃፉ ተከፍቶ። እና ህዳርና ታህሳስ ላይ ገጠር ዘመድ ጋር ለውቂያ ከሄደች እብቁ ውስጥ አትግባ፣ የገብስ እብቅ አስም ያለበትን ሰው አንቆ ሲይዝ በዓይኔ አይቻለሁ። መስከረምና ጥቅምት ሳሩ ሲያብብም የሚብስባቸው አሉ።

"በኛ ጊዜ ይሄ ሁሉ የት ነበር" የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፣ እውነትም አላቸው። ከጅማ አካባቢ በ1997 እ.ኤ.አ የወጣ ጥናት ማፏጨት ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ላይ እንደሚበዛ አሳይቷል፣ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ከከብትና ከአፈር ጋር ማደግ ሰውነትን ያለማምዳል የሚለው ሀሳብ አንዱ ነው። ይሄን የምለው ገጠር ውሰዷት ለማለት አይደለም፣ አንዴ ከተነሳ በኋላ ገጠር መሄዱ አያጠፋውም፣ ጭሱም እዛ ይብሳል።

አፍንጫዋን "ሳይነስ ነው" ብላችሁ ማለፋችሁን ግን አልወደድኩትም፣ እናንተን መውቀሴ አይደለም፣ አገር ምድሩ እንደዛ ነው የሚለው። በተከታታይ ማስነጠስ፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ንፍጥ፣ ማሳከክ፣ አንዱ አፍንጫ ሲከፈት አንዱ ሲዘጋ፣ ይሄ የአፍንጫ አለርጂ ነው። ልጅቷን ቀና አድርገው ይመልከቷት፣ አፍንጫዋ ላይ ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎ አግድም የሄደች ቀጭን መስመር ካለች፣ በመዳፏ ወደ ላይ እየገፋች ስታሽ የኖረችበት ምልክት ነው፣ ከዓይኗ ስርም ጠቆር ይላል። አፍንጫና ሳንባ አንድ ቧንቧ ናቸው፣ አፍንጫው ሳይታከም አስሙን ማረጋጋት ከባድ ነው፣ አስም የሌለው ወጣት እንኳን ይሄ የአፍንጫ አለርጂ ካለበት ሲያድግ አስም የመጀመር ዕድሉ ይጨምራል።

ለአፍንጫው ዋናው መድኃኒት ብግነትን የሚያበርድ የስቴሮይድ ስፕሬይ ነው፣ ቤክሎሜታዞን፣ ፍሉቲካዞን፣ ሞሜታዞን ካሉት አንዱ። ሰው ሁለት ቀን ይረጭና አልሰራም ብሎ ይጥለዋል፣ እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሰራው፣ ሁለት ሳምንት ይጠብቁት። አረጫጨቱም አለው፣ አንገት ጎንበስ፣ በቀኝ እጅ ለግራው አፍንጫ፣ በግራ እጅ ለቀኙ፣ ጫፉ ወደ መሐል ግድግዳው ሳይሆን ወደ ጆሮ በኩል ዞር ብሎ፣ ከዛ በሃይል አለመሳብ። ወደ መሐል ከረጩት ያደማል። ለማስነጠሱና ለማሳከኩ ሴትሪዚን ወይ ሎራታዲን ይጨመራል። ክሎርፌኒራሚን የሚባለውን ርካሹን ኪኒን ግን ለተፈታኝ ልጅ አልሰጥም፣ ያስተኛል፣ በማግስቱም ጭንቅላት ያፈዛል፣ ፈተና ላይ ተቀምጣ ጥያቄ ሁለቴ ሶስቴ ታነባለች። እነ ዛይሎሜታዞሊን የሚባሉት አፍንጫ ወዲያው የሚከፍቱ ጠብታዎች ደሞ ከ5 ቀን በላይ ከተደረጉ መዝጋቱ ራሱ ይብሳል።

ወደ ሳንባዋ ልምጣ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሳልና ዳገት ላይ የሚመጣ ሲር ሲር ካለ አስሙ አልተረጋጋም ማለት ነው። ግን መጀመሪያ በስልክም በፅሁፍም ሳይሆን ሐኪም ፊት ትታይ፣ ምክንያቱም እኛ አገር እንደዚ የሚያስመስሉ ሌሎች ነገሮች አሉ። ሳል ከ2 ሳምንት ካለፈ አክታዋ ለቲቢ ይመርመር፣ በተለይ ከከሳች፣ ሌሊት ካላባት። ሌላው የልብ ነው፣ በልጅነት ከጉሮሮ ህመም ተነስቶ የልብ በር የሚያበላሽ በሽታ በወጣት ሴቶቻችን ላይ አለ፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ አስም ተብሎ ለዓመታት ፓፍ ሲነፋ ኖሮ በኋላ ልብ ሆኖ የተገኘ አይቻለሁ። ስቴቶስኮፕ ደረቷ ላይ ሳያርፍ መድኃኒት የሚፅፍላት ሰው ጋር አትሂድ።

አስም መሆኑ ከተረጋገጠ፣ አንዱን ነገር ያዙልኝ፦ ሰማያዊው ፓፍ፣ ቬንቶሊን የምንለው ሳልቡታሞል፣ ቧንቧውን ለጊዜው ይከፍታል እንጂ ውስጡ ያለውን ብግነት አይነካውም። ድሮ ለቀላል አስም እሱን ብቻ እንሰጥ ነበር። ከ2019 እ.ኤ.አ ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ12 ዓመት በላይ ላሉት ሳልቡታሞል ብቻውን አይሰጥ ብሏል፣ ምክንያቱም ተደላድለው በሱ ብቻ የሚኖሩት ናቸው ድንገት የሚወድቁት። የሚሳብ ስቴሮይድ ያስፈልጋታል፣ ወይ በየቀኑ ቤክሎሜታዞን፣ ወይ ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል አንድ ላይ ያሉበትን። ስቴሮይድ ሲባል አይደንግጡ፣ በፓፍ የሚሳበው በማይክሮ ግራም የሚለካ ነው፣ ስባ ከተጠቀመች በኋላ አፏን ተጉመጥምጣ ትትፋ፣ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ያወጣል፣ በቃ። የሚያስደነግጠኝ ሌላው ነው፣ ሰው በባሰበት ቁጥር ፋርማሲ ሄዶ የሚውጠውና የሚወጋው ዴክሳሜታዞን። እሱ በተደጋጋሚ ሲወሰድ ፊት ያሳብጣል፣ ስኳር ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የሰውነትን የራሱን ሆርሞን ያስተኛል።

አሳሳቡ ላይ ደሞ አብዛኛው ሰው ይሳሳታል፣ መድኃኒቱ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ስፔሰር የሚባለው፣ ፓፉ ላይ ተገጥሞ መድኃኒቱን ወደ አፍ የሚያስተላልፈው ባዶ እቃ፣ ከሌለ የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ላስቲክ ይበቃል፣ ቀልዴን አይደለም፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከተገዛው ጋር አወዳድረውት የሚሰራ ሆኖ ተገኝቷል። ክሊኒክ ውስጥ እኔ ራሴ ነው የምሰራላቸው። ላስቲኩን በእቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቦ ሳይወለውሉ ማድረቅ፣ ከዛ የፓፉን አፍ ከላስቲኩ ቂጥ ላይ አስደግፎ በእስክሪፕቶ ዙሪያውን መሳል፣ ሽቦ በዛው ቅርፅ አጥፎ በእሳት አግሎ መውጋት፣ ፓፉ ጥብቅ ብሎ እንዲገባ፣ ክፍተት ካለ በፕላስተር መዝጋት። ከዛ ፓፉን ነቅንቆ፣ ልጅቷ ትንፋሿን አውጥታ ከንፈሯን የላስቲኩ አፍ ላይ ትግጠም፣ አንዴ ብቻ ይጫን፣ 5 ጊዜ በቀስታ ትሳብ ታስወጣ። ሁለተኛ ፓፍ ካስፈለገ እንደገና ከመነቅነቅ ይጀመራል፣ ሁለቴ አንድ ላይ አይጫንም። አንዲት የጣርማ በር ልጅ ይሄን ይዛ መጀመሪያ የሳበች ዕለት "ዶክተር እስከዛሬ ወደ ሆዴ ነበር እንዴ የሄደው" ያለችኝ አይረሳኝም።

አደጋው ሲመጣ ምልክቱ ይሄ ነው፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ትንፋሽ ካጠራት፣ ጎድኗ ወደ ውስጥ እየተሳበ ከተነፈሰች፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ወይ ሳልቡታሞል ስባ 4 ሰዓት ሳይቆይ ሲር ሲሩ ከተመለሰባት። ያኔ በየ20 ደቂቃው ከ4 እስከ 10 ፓፍ ሳልቡታሞል አንድ በአንድ በላስቲኩ እየሳበች መኪና ይፈለግ፣ እስኪነጋ አይጠበቅ፣ ባህር ዛፍ አይታጠን፣ ዳማከሴ አይታሽ። ፀበልም ትጠመቅ፣ እኔም እጠመቃለሁ፣ ግን ፓፉ አብሯት ይሂድ። ፆም ነው ብሎ ፓፍ የሚያቆም አለ፣ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ፣ እስካሁን ያነጋገርኳቸው አባቶች የታመመ መድኃኒቱን ይውሰድ ነው ያሉኝ።

እንቁላልና ወተት ለምን እንደከለከላችኋት አልገባኝም። በልታ ወዲያው በደቂቃ ውስጥ፣ ቢበዛ በሁለት ሰዓት፣ ሰውነቷ አብጦ ወይ ሽፍ ብሎባት ወይ አስመልሷት ካልሆነ በቀር አስም ስላለባት ብቻ የሚከለከል ምግብ የለም። የወተትና የእንቁላል አለርጂ የነበረበት ልጅ እንኳን አብዛኛው እስከ ጉርምስናው ይተወዋል፣ ለውዝና ዓሳ ናቸው ሙጭጭ የሚሉት። በልጅነቷ እንደዛ ሆና የምታውቅ ከሆነ ቤት ውስጥ አትሞክሩት፣ ሐኪም ባለበት ይሞከር። ካልሆነ ግን ፍስክ ሲሆን ትብላ፣ የምታድግ ልጅ ናት።

ዕድሜ ልክ ነው ወይ ላሉት፣ ምናልባት አዎ፣ ግን ዕድሜ ልክ መታመም ማለት አይደለም። ሳንባ እስከ 20ዎቹ መጀመሪያ ያድጋል፣ ከዛ በኋላ ከዛ ካጠራቀመው ላይ ነው ሲቀንስ የሚኖረው፣ ስለዚ እነዚህ 5 ዓመታት በደንብ ከታከመች ለ50 ዓመቷ ነው የምትቆጥበው። ችግሩ ይሄ ዕድሜ ራሱ ነው፣ እናት የምትሰጠው መድኃኒት የሚያበቃበት ራሷ መውሰድ ያልጀመረችበት፣ ጓደኛ ፊት ፓፍ መሳብ የሚያሳፍርበት። ዩኒቨርሲቲ ሳትሄድ ገና አሁን ሃላፊነቱን ለሷ ያስረክቧት። መቼ እንደምትስብ ራሷ ትናገር፣ ሐኪም ጋር ስትገባ ራሷ ታውራ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ። ስትሄድ ሁለት ፓፍ ትያዝ፣ አንዱ ቦርሳዋ አንዱ ዶርም፣ የራሷን የትራስ ልብስና አንሶላ ይዛ ትሂድ፣ ከዶርም ልጆች ቢያንስ አንዷ ፓፉ የት እንዳለ ትወቅ። ሺሻና ሲጋራ ያለበት ቤት አትቀመጥ። ስራ ስትመርጥም ይሄን ታስብ፣ የዱቄት ብናኝ፣ የእንጨት ብናኝ፣ የሱፍና የጥጥ ብናኝ ያለበት፣ የፀጉር ቀለምና ኬሚካል የሚነካካበት ስራ ለሷ ይከብዳል፣ በልጅነቱ ችፌ የነበረበት ሰው እጁ ውሃና ሳሙና ላይ ሲውል አዋቂ ሆኖ ችፌው እጁ ላይ ይመለሳል፣ ቫዝሊን ቢጤ ከመታጠብ በኋላ ማድረግ ትልመድ።

የወንድሟን ነገር መጨረሻ ያደረግኩት ስለቀለለኝ አይደለም። በሱ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ፣ ዓይኑ ቀልቶ ነጩ ወደ ቡናማ ሲሄድ፣ ብርሃን ሲጠላ፣ እንደ ክር የሚሳብ ዓይናር ሲያወጣ፣ ይሄ እኛ አገር በብዛት የምናየው የልጆች የዓይን አለርጂ ነው፣ አብዛኛው 20 ዓመት ሳይሞላው ይተወዋል፣ እዚ ላይ ይለቀዋል ቢሉኝ እስማማለሁ። ግን እስኪለቀው ዓይኑ መትረፍ አለበት። የምትገዙትን ጠብታ ስም አልፃፉልኝም፣ ብልቃጡን አውጥተው ያንብቡት፣ ዴክሳሜታዞን ወይ ቤታሜታዞን ወይ ፕሬድኒሶሎን የሚል ካለ፣ ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎም ቢሆን፣ ያ ስቴሮይድ ነው። ማሳከኩን በአንድ ቀን ፀጥ ያደርገዋል፣ ለዛ ነው ሁሉም የሚወደው፣ ግን ያለ ክትትል ሲደጋገም የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ልጁ ምንም ሳያመው የዓይኑ ነርቭ ይሞታል፣ የሞተው ደሞ አይመለስም። ከዳር ዳር ማየት አቅቶት ነው በር ሲገጭ የሚታወቀው። እስከዛው በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንፁህ ጨርቅ ዓይኑ ላይ ያድርጉለት፣ ኮፍያ ይልበስ፣ እንዳያሽ ይንገሩት ምክንያቱም ማሸቱ የዓይኑን መስታወት ቅርፅ ያበላሻል። የእህቱ ቀጠሮ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢቆይ ችግር የለውም፣ እሱን ግን ብልቃጡን በእጁ አስይዘው በዚሁ ሳምንት የዓይን ሐኪም ጋር ይውሰዱት፣ ግፊቱ ይለካ ብለው ራስዎ ይጠይቁ።